ከአክስቴ ጋን አንድ ማንኪያ

ኑ፣ ጠጋ በሉ፤ ይህን ነገር ለብቻዬ ይዤው ማደር አልቻልኩም። ብርዝ እንዴት ጠጅ እንደሚሆን ገባኝ!

ነገሩ የጀመረው ወንጪ፣ አክስቴ ቤት ነው። አክስቴና ጎረቤቷ ማር የሚገዙት ከአንድ ሰው ነው፤ ጌሾውም ከአንድ ገበያ፣ ውኃውም ከአንድ ምንጭ። የአክስቴ ጠጅ ብርሌ ላይ ሲቀዳ ጥርት ብሎ ማዶ ያሳያል፤ አፍንጫችሁን ጠጋ ብታደርጉ የበሰለ ሙዝ ይሸታል። የጎረቤቷ ግን ሳምንት ተጨምሮለትም ድፍርስ ነው፤ ይጎመዝዛል። ለምን ብዬ ስጠይቅ ሁሉም “የእጅ ነገር ነው” አሉኝ። እሺ፤ እጅ ውስጥ ምን አለ? እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ማሩ ነበር። ማር ዓመት ቢቀመጥ አይቦካም፤ ውኃ ሲነካው ግን በሁለት ሦስት ቀን ይነሣል። ቋንጣን አስቡ። ሥጋው የማይበላሸው ውኃው ስለወጣለት ነው። ማርም እንደዚያው ነው፤ ከመቶው እጅ ውኃው 18 ቢሆን ነው፣ የቀረው በአብዛኛው ስኳር ነው። ስኳሩ ደግሞ ያገኘውን እርጥበት ወደ ራሱ ይስባል፤ እዚያ የገባ ነፍስ ያለው ነገር ደርቆ ወይ ይሞታል ወይ ያንቀላፋል። አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ ሲበረዝ ነው ያንቀላፋው የሚነቃው።

ነፍስ ያለው ያልኩትን ልብ በሉልኝ፤ እሱን ያገኘሁት በስሕተት ነው።

አምቦ ቤቴ እንደተመለስኩ ብርዝ አፍልቼ በሦስት ጠርሙስ ቀዳሁ። አንዱን እንዳለ ተውኩት። ሁለተኛው ላይ ሲበርድ የጌሾ ቅጠል ጨመርኩ። ሦስተኛው ላይ ከአክስቴ ጋን የወጣ አንድ ማንኪያ አምቡላ ጨመርኩ፤ ግን ቸኩዬ ነበርና ብርዙ ገና ይፋጅ ነበር። በየአፋቸው ፊኛ አጠለቅሁና ጠበቅሁ። በማግስቱ ሦስቱም ፊኛ ተንጠልጥሏል። በሦስተኛው ቀን የጌሾው ትንሽ ቀና አለ። ብርቱ ነው ያልኩት የአምቡላው ግን ዝም! ለአክስቴ ደወልኩ።

“ትኩስ ላይ ጨመርከው እንዴ?” አለችኝ። “ገደልከዋ! አብሲት እንኳ ሳይበርድ ሊጥ ላይ ይገባል?”

ገደልከው! ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አክስቴ ቃሉን የተናገረችው ጨው በዛ እንደሚባለው፣ እንደ ዋዛ ነው። ግን እስቲ አስቡት፤ የሚሞት ነገር እኮ ሕያው የነበረ ነገር ነው! ጌሾ ቢፈላ ጌሾ ነው፤ ማርም ቢፈላ ማር ነው። በሙቀት የሚሞተው ሌላ ሦስተኛ ነገር፣ እዚያ አምቡላ ውስጥ የሚኖር ነው። ያን ማታ አዲስ ብርዝ አፍልቼ፣ የእጄን አንጓ የማያቃጥል እስኪሆን ጠብቄ እንደገና አንድ ማንኪያ አምቡላ ጨመርኩ። ጠዋት ስነሣ ፊኛው ቀጥ ብሎ ቆሟል! ቤት ውስጥ ለብቻዬ አጨበጨብኩ።

ያ ፍጡር እርሾ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ለእንጀራ የሚበዳደረው እርሾ ዘመድ። አንዷ የእርሾ ሴል እጅግ ትንሽ ናት፤ 200 ያህሉ ቢሰለፉ አንድ ሚሊሜትር ቢሞሉ ነው። የምትራባው እንደ ቁልቋል ነው፤ ከጎኗ እንቡጥ ይወጣል፣ ያድጋል፣ ይለያል። ቢመቻት በሁለት ሰዓት አንዷ ሁለት ትሆናለች። ቁጠሩ እስቲ፦ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያላችሁ 24 ሰዓት ሲሞላ ከአንዷ 4,096! ስኳሩን ትበላና ሁለት ነገር ትተዋለች፦ አልኮልና የተቃጠለ አየር። ፊኛዬን ያቆመው ይህ አየር ነው። የአምቦ ውኃን የሚያፍለቀልቀውም ያው ዓይነት አየር ነው፤ ልዩነቱ የአምቦው ከምድር ሆድ ሲወጣ የጠጁ ከእነዚህ ደቃቆች መውጣቱ ነው። እድሜዬን ሙሉ አምቦ ውኃ ስጠጣ ኖሬ ይህን አለማሰቤ!

በእንግሊዝ አገርም ጠማቂዎች እርሾን ሳያዩት ለዘመናት ሠርተውበታል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1871 ለንደን ሄዶ፣ ዊትብሬድ የተባለውን ትልቅ የቢራ ፋብሪካ እርሾ በማይክሮስኮፕ አየና በመካከሉ ባዕድ ተሐዋስያን እንዳሉ ነገራቸው። ሳምንት ሳይሞላ ሲመለስ የራሳቸውን ማይክሮስኮፕ ገዝተው ጠበቁት! እ.ኤ.አ. በ1883 ደግሞ በኮፐንሃገን ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን አንዲት ሴል ብቻ ለይቶ፣ ከእሷ ብቻ አንድ ጋን ሙሉ ዘር አራባ። ከአንዲት!

አሁን ወደ አክስቴና ጎረቤቷ እንመለስ። እርሾ ዘር አለው፤ በግ ሁሉ በግ ሆኖ የመንዝ ከሌላው እንደሚለይ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከየጠጅ ቤቱ ናሙና ወስደው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ በጠጅ ውስጥ የሚኖሩት እርሾዎችና የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ከቤት ቤት፣ እንዲያውም በአንዱ ቤት ከጋን ጋን እንደሚለያዩ አሳይተዋል። ያ የሙዝ ሽታ ከማሩ አይደለም፤ እርሾው ሲሠራ የሚተወው ነው። “እጅ” የምንለው በከፊል በየጋኑ የሚኖረው ዘር ነው ማለት ነው!

ስለዚህ መምረጥ ይቻላል። እኔ ከአራት ቤት አራት ማንኪያ አምቡላ ለመንኩና በአንድ ዓይነት ብርዝ ጣልኳቸው። አንዱ የሆምጣጤ ሽታ አመጣ፤ ወዲያው ደፋሁት። አንዱ ስኳሩን ሙልጭ አድርጎ በልቶ ደረቅ አደረገው። አንዱ እስከ ዛሬ አልጠራም። የአክስቴ ግን ጥቂት ጣፋጭነት አስቀረ፣ ሙዝ ሸተተ፣ በአምስተኛው ቀንም ጠራ። ብዙዎቹ ኤል የሚባለው የእንግሊዝ ቢራ እርሾዎች የሚወደዱትም በዚሁ ጠባይ ነው፤ ሥራ ሲበረታ ከአረፋው ጋር ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ጠማቂውም ከላይ ገፎ ለሚቀጥለው ጠመቃ ያስቀምጣል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ እርስ በርስ ይተቃቀፉና ተያይዘው ይሰምጣሉ። ብቻዋን የምትንሳፈፍ ሴል በመስኮት እንደሚገባ የፀሐይ ጨረር ውስጥ እንዳለች ብናኝ ናት፤ ተቃቅፈው ሲከብዱ ግን ቁልቁል ነው። መጥራት ማለት ይኸው ነው!

ማራባቱም ቀላል ነው። አምቡላውን ፈልቶ በበረደ ውኃ በጥብጡትና ትንሽ አቆዩት። የጌሾው ስብርባሪ ቶሎ ይዘቅጣል፤ ከላይ እንደ አጓት የነጣው ውኃ ግን እርሾ ነው፣ እሱን ብቻ አንቆርቁሩ። ከጠጁ ብርዝ የቀጠነ አንድ ብርጭቆ ብርዝ አፍልታችሁ አብርዱና ጨምሩበት። ማር ከስኳር ሌላ ምግቡ እጅግ ጥቂት ስለሆነ እኔ የብቅል ውኃ ጠብ አደርግበታለሁ። አየር እንዲገባው መጀመሪያ ወዝውዙት። በማግስቱ ብርጭቆውን በአሥር እጥፍ ብርዝ ላይ፣ ከዚያ ያንን ጋኑ ላይ። ለምን በደረጃ? ሠርግ ቤት ቀድሞ የገባ ነው ወንበር የሚይዘው። ጥቂት እርሾ ትልቅ ጋን ውስጥ ብትጥሉ ቦታውን ሳትሞላው አኮምጣጩ ይቀድማታል፤ በሠራዊት ስትገባ ግን መቀመጫ አታስተርፍም። አደራ፣ ጠርሙሱን ጥብቅ አድርጋችሁ አትክደኑ፤ አየሩ መውጫ ካጣ ጠርሙሱ ይፈነዳል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የእንግሊዝ እርሾ በጣም የሚመቸው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ነው ይላሉ። የወንጪ አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል። አክስቴ ጋኗን ምድጃው አጠገብ አስጠግታ በአሮጌ ጋቢ የምትጠቀልለው ቤቱ ስለጠበበ ይመስለኝ ነበር። ለእነሱ ነው! ለእነዚያ ለማይታዩት ጋቢ እያለበሰች ነው!

ኖሪች በምትባል የእንግሊዝ ከተማ በሺህ የሚቆጠር የእርሾ ዘር በቅዝቃዜ ተጠብቆ የሚቀመጥበት ተቋም አለ። የኖርዌይ ገበሬዎች ደግሞ እርሾአቸውን በእንጨት ቀለበት ላይ አድርቀው ከዘመን ዘመን ያሻግሩት ነበር። የእኔ ገና ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለች አንዲት ጠርሙስ ናት፤ ላይዋ ላይ “ወንጪ፣ አክስቴ” ብዬ ጽፌባታለሁ። ጎኗ ባዶ ነው። ቅዳሜ ስትመጡ ከየእናቶቻችሁ ጋን አንድ አንድ ማንኪያ አምቡላ ይዛችሁልኝ ኑ፤ ማሩ እኔ ጋ አለ፣ ፊኛም ገዝቻለሁ።