ለወጣቶች መጽሐፍና ፊልም መከልከል ተገቢ ነውን?

ውድ አገልጋይ፣ ወላጆች የልጃቸውን ልብ ወለድ ይዘው ወደ እርስዎ ሲመጡ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት የሐዋርያት ሥራ 19፥19ን ነው። ክፍሉን ረጋ ብለን እንየው። በኤፌሶን 50,000 ብር የሚያወጡትን የአስማት መጻሕፍት ያቃጠሉት ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ ጳውሎስ ከማንም እጅ አልነጠቀም። ስለዚህ ክፍሉ የሚያሳየን የንስሓን ፍሬ እንጂ የሳንሱርን ሥልጣን አይደለም።

ዕድሜ አይታይ ማለቴ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 እንኳ የቅድሚያ ምርመራን ከልክሎ፣ ለወጣቶች ደህንነት ሲባል ግን በሕግ ገደብ እንዲደረግ ይፈቅዳል። ችግሩ መለኪያው ላይ ነው። «ዝሙት ተጽፎበታል» ማለት ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ሕዝቅኤል 23ን ምን ልናደርገው ነው? ለአሥር ዓመት ልጅ አላነብለትም፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ጋር ግን አብሬ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ።

አንድ ጊዜ ያላነበብሁትን መጽሐፍ ከልክያለሁ። ወጣቱ «የትኛው ገጽ ነው?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም።