የራም ቁጥር በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ

ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ በአውቶካድ ፕላን የሚሠራ ወይም ጉብሬ ግቢ ውስጥ ኮድ ሲጽፍ የሚያድር ወዳጅ ካላችሁ ይህን ጥያቄ ሳትሰሙ አልቀራችሁም፦ «ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ ሳደርግ (ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ሳስኬደው) ራሙን ስንት ላይ ላድርገው?» እኔ ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። መልሱን ስትፈልጉ የማሽኑ ሆድ ዕቃ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

ራሙ ላይ ከተለጠፉት ቁጥሮች እንጀምር። «3200» ማለት ራሙ በሰከንድ 3200 ሚሊዮን ጊዜ ዳታ ያስተላልፋል ማለት ነው። «ሲኤል 16» ደግሞ ፕሮሰሰሩ ከጠየቀ በኋላ የመጀመሪያው መልስ እስኪመጣ የሚያልፈው የምት ብዛት ነው። የጉራጌን ጀፎረ፣ ያን ሰፊ የመንደር መንገድ፣ አስቡት። ሰፊ ስለሆነ ብዙ ሰው ጎን ለጎን ይሄድበታል፤ ስፋቱ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚፈጀውን ጊዜ አያሳጥርም። 3200 ስፋቱን ይነግራችኋል፤ ጊዜውን የምታገኙት ሲኤሉን ስታሰሉ ነው። ሲኤሉን በ2000 አባዙና ለፍጥነቱ አካፍሉት፤ የሚመጣው ቁጥር ናኖሰከንድ ነው።

እስቲ እንሞክረው። 3200 በሲኤል 16 ስታሰሉት 10 ናኖሰከንድ ይመጣል። 3600 በሲኤል 18፣ ያም 10። አዲሱ የራም ትውልድ ዲዲአር5 6000 በሲኤል 30፣ አሁንም 10! ርካሹ ዲዲአር4 3200 በሲኤል 22 ግን 13.75 ናኖሰከንድ ነው። ያ ደግሞ አሮጌው ዲዲአር3 1600 በሲኤል 11 ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። መንገዱ በእጥፍ ሰፍቷል፤ የመጀመሪያው መልስ የሚደርሰው ግን በዚያው በድሮው ሰዓት ነው። ስለዚህ ሻጩ «3200 ነው» ሲላችሁ «ሲኤሉስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጊዜው እንደልብ የማያጥረው ለምንድነው? እያንዳንዷ ቢት የምትቀመጠው በጣም ትንሽ በሆነ የኤሌክትሪክ ክስ መያዣ ውስጥ ነው። የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ በ1968 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያገኘበት ሐሳብ ይህ ነው። ያን ጥቂት ክስ ለይቶ ማንበብ ጊዜ ይፈልጋል። መያዣዋ ደግሞ ታፈሳለች፤ በዲዲአር3 እና በዲዲአር4 ክሷ በየ64 ሚሊሰከንዱ መታደስ አለበት። ሙቀት ሲጨምር ማፍሰሷ ይብሳል። ቺፑ ከ85 ዲግሪ ካለፈ ደንቡ እድሳቱ በእጥፍ እንዲፋጠን ያዛል። ይህን ያዙት፣ ወደ ከተሞቻችን ስንመጣ ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ኦቨርክሎክ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንቴል ኮር አይ7-920 ነገሩን ከሁሉ አጥርቶ ያሳያል። መነሻ ምቱ 133 ሜጋኸርዝ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ይህን በ20 ያባዛል፣ ራሙም በራሱ ማባዣ ያባዛል። መነሻውን ወደ 180 ከፍ ስታደርጉት ፕሮሰሰሩ 3.6 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። የራሙ ማባዣ 10 ከነበረ ራሙም ሳትፈልጉ 1800 ላይ ይወጣል። ራማችሁ 1600 ከሆነ ማሽኑ ይወድቃል፣ እናንተም ፕሮሰሰሩ አቅቶት ይመስላችኋል። ማባዣውን 8 ላይ ብታደርጉት ግን ራሙ 1440 ላይ ተረጋግቶ ይቀመጣል። እንግዲህ መርሁ ይኸው፦ በመጀመሪያ ራሙን ከአቅሙ በታች አውርዱት። የፕሮሰሰሩን ጣሪያ ለብቻው ፈልጉ። ከዚያ ፕሮሰሰሩን ወደ መደበኛው መልሳችሁ የራሙን ጣሪያ ለብቻው ፈልጉ። ሁለቱን የምታገናኙት በመጨረሻ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚጎትት ሰው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማወቂያ የለውም።

ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት ማባዣቸው ያልተቆለፈ ፕሮሰሰሮች ይህን አቅልለውታል፤ የፕሮሰሰሩ ማባዣ ራሙን አይነካም። የኤኤምዲ ራይዘን ግን የራሱ ጠባይ አለው። በውስጡ ክፍሎቹን የሚያገናኝ መስመር አለ፤ ይህ መስመር ከራሙ ምት ጋር አንድ ለአንድ ሲሄድ ነው ደስ የሚለው። በራይዘን 3000 እና 5000 ላይ ብዙዎች የሚረኩበት ቦታ 3600 ነው፤ መስመሩ 1800 ሜጋኸርዝ ይሆናል። ከዚያ በላይ ወጥታችሁ መስመሩ ከራሙ ጋር መራመድ ካቃተው 4000 የተጻፈበት ራም ከ3600 ሊያንስ ይችላል። እዚህ ላይ ባዮስ ውስጥ ያለውን ኤክስኤምፒ ማብራት ጥሩ መነሻ ነው፤ አምራቹ የሞከረውን ፍጥነት፣ ሲኤልና ቮልቴጅ በአንድ ጊዜ ይጭናል። የዲዲአር4 መደበኛ ቮልቴጅ 1.2 ነው፤ ኤክስኤምፒ ብዙውን ጊዜ 1.35 ያደርገዋል። እኔ በአገራችን ሁኔታ ከዚያ እንድታልፉ አልመክርም።

ለምን? ወልቂጤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ቡታጅራ 2,100 ገደማ ላይ። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ዙር ቢዞርም ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው። ለሰርቨር ክፍሎች መመሪያ የሚያወጣው የአሜሪካ ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ ይቀንስ ይላል፤ ለቡታጅራ ይህ 4 ዲግሪ ነው። ደግነቱ የደጋው ቅዝቃዜ ያንን ይክሳል፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በየካቲትና በመጋቢት ቀትር ካልሆነ በቀር። ስለዚህ ማሽናችሁን በሌሊት ብቻ ፈትናችሁ «ጸና» አትበሉ። ቀን በሰባት ሰዓት፣ ፕሮሰሰሩ እየሠራ ፈትኑት፤ የፕሮሰሰሩ ትኩስ አየር ራሙ ላይ ሲነፍስ ነው ያ መያዣ የሚያፈሰው።

የራም ስህተት ሁልጊዜ ማሽኑን አያጠፋውም። አንዲት ቢት ተገልብጣ ፋይሉ ውስጥ ትቀራለች፣ የደንበኛው ቪዲዮም ከወራት በኋላ አልከፈት ይላል። ለዚህ ነው ሜምቴስት86ን በፍላሽ አስነስታችሁ አራቱንም ዙር ሳትጨርሱ ሥራ መጀመር የሌለባችሁ። ፈተናው ሰዓታት ይፈጃል፤ መብራት መሐል ላይ ከሄደ እንደገና ነው። ዩፒኤስ ከሌለ ደግሞ ማሽኑ በራሱ ሲነሳ ምክንያቱ ራሙ ይሁን መብራቱ አይለይም፤ ቢያንስ ለፈተናው ቀን ተዋሱ።

ብዙዎቻችሁ ያላችሁ ማሽን ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴል ወይም ኤችፒ ከሆነ ኦቨርክሎክ አይፈቅድም፤ ግን አትዘኑ። አንድ 8 ጊጋ ብቻ ተሰክቶ ከሆነ ተመሳሳዩን ጨምሩበትና ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር በሚገናኝበት በየመስመሩ (በየቻናሉ) አንድ አንድ ሰኩ። አራት ማስገቢያ ላለው ማሽን የትኛው ማስገቢያ የትኛው ቻናል እንደሆነ መመሪያው ይነግራችኋል። መንገዱ በእጥፍ ይሰፋል። የተለየ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ማሽን፣ ግራፊክሱ ከራሙ ስለሚበላ፣ ከዚህ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣ ሴቲንግ አላውቅም።

ማሽኑ አልነሳ ካላችሁ ደግሞ አትደንግጡ። ገመዱን ንቀሉ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥታችሁ መልሱ፤ ባዮሱ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሴቲንጉ ሁሉ አብሮ ስለሚጠፋ፣ የሠሩላችሁን ቁጥሮች አስቀድማችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሷቸው።