ጭሱ ከመውጣቱ በፊት፦ ባንኮች፣ ነባር ሕዝቦችና የከርሰ ምድር ነዳጅ

በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው የሙሽ ሸለቆ፣ ሊግናይት የተባለ ለጋ የድንጋይ ከሰል መኖሩን የሥነ ምድር ባለሙያዎች ካወቁ ቆይተዋል። በዚያው ሸለቆ በሚገኘው የጥንት ሐይቅ ደለል ውስጥ ደግሞ የዛሬ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የበቀሉ ዛፎች ቅጠል ታትሞ ይገኛል። ተመራማሪዎች በቅጠሎቹ ገጽ ላይ ያሉትን ጥቃቅን የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ለክተው፣ በዚያ ዘመን በአየር ውስጥ የነበረውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን አስልተዋል፤ ከዛሬው የሚበልጥ ሆኖም አግኝተውታል። አንድ ሸለቆ እንግዲህ ሁለት ነገር አቅፎ ይዟል ማለት ነው፤ ሊነድ የሚችል ነዳጅ፣ እንዲሁም ነዳጅ ሲነድ የሚወጣው ጋዝ በጥንት ዘመን ምን ያህል እንደነበረ የሚመሰክር መዝገብ።

ውድ አንባብያን፣ እንዲህ ያለው ነዳጅ ከመሬት ይውጣ ወይስ በነበረበት ይቆይ የሚለው ጉዳይ የሚወሰነው የት ነው? ብዙዎቻችን «በማዕድን ማውጫው» ወይም «በመንግሥት መሥሪያ ቤት» ብለን እንመልስ ይሆናል። ባለፉት ዓመታት ግን በተለያዩ አህጉራት የሚኖሩ ነባር ሕዝቦችና የአየር ንብረት ተሟጋቾች ጥያቄያቸውን ይዘው ወደ ባንኮች ደጃፍ ሄደዋል። በዚህ ጽሑፍ የመረጡት ደጃፍ ከፊዚክስ አንጻር ተገቢ የሚሆንበትን ምክንያት እንመለከታለን።

የብርድ ልብሱ ነገር

የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ ልብስ ምን እንደሚሠራ አስረጂ አያሻውም። ብርድ ልብስ ራሱ ሙቀት አያመነጭም፤ ከሰውነት የሚወጣው ሙቀት ቶሎ እንዳያመልጥ ያዘገያል እንጂ። ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንዲሁ ነው። ምድር ወደ ጠፈር ከምትልከው የኢንፍራሬድ ጨረር ውስጥ በተለይ 15 ማይክሮሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለውን ይውጣል፤ ከፊሉንም ወደ ታች ይመልሳል። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 280 ያህሉ የዚህ ጋዝ ነበሩ፤ ዛሬ ቁጥሩ ከ420 በላይ ሆኗል። በሐዋይ ደሴት በማውና ሎአ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የሚካሄደው ልኬት ይህንን ጭማሪ ዓመት በዓመት መዝግቧል። ከሚለቀቀው ጋዝ ከፊሉ በአየር ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ስለሚቆይ፣ ወሳኙ የአንድ ዓመት ጭስ ሳይሆን የዓመታቱ ድምር ነው።

ይህ ለሰሜን ሸዋ ደጋ ምን ማለት ነው? ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አየሩ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ፣ አንድ ተክል ወይም እንስሳ የለመደውን ቅዝቃዜ ለማግኘት 150 ሜትር ያህል ወደ ላይ መውጣት ይኖርበታል። ገበሬው ገብሱን ይዞ ለጊዜው ሽቅብ ይወጣ ይሆናል። በአንኮበር ስም የተሰየመችውና ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማትገኘው፣ በገደሎች አፋፍ የምትኖረው ትንሽ ወፍ ግን ተራራው ሲያልቅባት የምትሄድበት የላትም።

ጭስ የሚፈረምበት ቀን

አሁን ቀላል ስሌት እንሥራ። በድንጋይ ከሰል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ወደ 1 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። 1,000 ሜጋዋት አቅም ያለው ጣቢያ በአቅሙ 70 በመቶ ቢሠራ፣ በዓመት 6 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያመነጫል፤ 6 ሚሊዮን ቶን ያህል ጋዝም ይለቅቃል። በ40 ዓመት ዕድሜው ድምሩ 240 ሚሊዮን ቶን ይሆናል።

እንዲህ ያለ ጣቢያ የሚገነባው በአብዛኛው በብድር ነው። ከተገነባ በኋላ ብድሩን ከነወለዱ ለመክፈል ያለማቋረጥ መሥራት ይኖርበታል፤ መዝጋት ማለት ዕዳ ታቅፎ መቅረት ነውና። ስለዚህ የ40 ዓመቱ ጭስ የመጀመሪያው ከሰል ከመለኮሱ በፊት፣ ብድሩ በተፈረመበት ዕለት አብሮ ተፈርሟል ማለት ይቻላል። ተሟጋቾቹ ወደ ባንክ የሄዱት ይህንን ስለተገነዘቡ ነው።

ሦስት ሙግቶች

የመጀመሪያው በአሜሪካ የስታንዲንግ ሮክ ሱ ነባር ሕዝብ ሙግት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ ሕዝብ ለመጠጥ ውኃው በመስጋት ዳኮታ አክሰስ የተባለውን የድፍድፍ ነዳጅ ቱቦ ተቃወመ። ለግንባታው 17 ባንኮች 2.5 ቢሊዮን ዶላር አበድረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የሲያትል ከተማ ምክር ቤት ከአበዳሪዎቹ አንዱ ከነበረው ከዌልስ ፋርጎ ጋር ያለው ግንኙነት እንዲቋረጥ ወሰነ፤ የኔዘርላንዱ አይኤንጂም የብድር ድርሻውን ሸጠ። ይሁን እንጂ ብድሩ ቀድሞ ተፈርሞ ስለነበር በዚያው ዓመት ዘይቱ መፍሰስ ጀመረ።

ሁለተኛው ሙግት የተካሄደው በጎረቤታችን በኬንያ፣ በላሙ ነው። ጥንታዊቷ የላሙ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። በአቅራቢያዋ 1,050 ሜጋዋት የሚያመነጭ የከሰል ጣቢያ በ2 ቢሊዮን ዶላር ሊገነባ ታቅዶ ነበር። ዓሣ አስጋሪዎችና ሌሎች ነዋሪዎች ሴቭ ላሙ በሚባለው ኅብረት አማካይነት ተቃውሟቸውን አሰሙ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 የአገሪቱ የአካባቢ ጉዳዮች ችሎት ሕዝቡ በአግባቡ አልተመከረም ሲል ፈቃዱን ሰረዘ። በዚያው ዓመት የአፍሪካ ልማት ባንክ ለጣቢያው ገንዘብ እንደማይሰጥ አስታወቀ፤ በ2020 ደግሞ ዋናው አበዳሪ ይሆናል ተብሎ የነበረው የቻይና ኢንዱስትሪና ንግድ ባንክ ወጣ። ጣቢያው አልተገነባም። እዚህ ጥያቄው የተነሣው ከግንባታው በፊት መሆኑን ልብ ይሏል።

ሦስተኛው ከኡጋንዳ ሆይማ እስከ ታንዛኒያ ታንጋ ወደብ 1,443 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋው የምሥራቅ አፍሪካ የድፍድፍ ነዳጅ ቱቦ ነው። የኡጋንዳ ዘይት ሰም የበዛበት በመሆኑ በተለመደው የአየር ሙቀት ይረጋል፤ እንዲፈስ ቱቦው በ50 ዲግሪ ሙቀት መቆየት አለበት። በቀን 216,000 በርሜል ቢተላለፍና ከአንድ በርሜል 430 ኪሎ ግራም ጋዝ ቢወጣ፣ ዘይቱ ሲነድ በዓመት 34 ሚሊዮን ቶን ያህል ይለቅቃል። በርካታ የአውሮፓ ባንኮች ለዚህ ሥራ እንደማያበድሩ ገልጸዋል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የአፍሪካ ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክና ሌሎች አበዳሪዎች የመጀመሪያውን ዙር ብድር ሰጥተዋል። አንዱ ባንክ በሩን ሲዘጋ ሌላው ሊከፍት እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ሚዛኑን ለመጠበቅ

የተቃራኒው ወገን ክርክር ክብደት አለው። አፍሪካ ለዓለም ልቀት የምታዋጣው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ በከሰልና በዘይት የበለጸጉ አገሮች ዛሬ «አትንኩ» ሲሉ መስማት ያስቆጣል። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ዙሪያ ገጠሮች እናቶች ዛሬም እንጀራ የሚጋግሩት በኩበት ነው፤ ማሳውን ሊያለማ የሚገባው ፍግ በምድጃ ይነዳል። ስለዚህ ብድር መከልከል ብቻውን መልስ ሊሆን አይችልም። ለከሰል የተነፈገው ገንዘብ ለንፋስ፣ ለፀሐይና ለእንፋሎት ኃይል ካልተሰጠ፣ ተሟጋቹ ድሃውን በኩበቱ ላይ ትቶት ሄደ ይባላል።

ንጹሕ ኃይልም ቢሆን ከጥያቄ አያመልጥም። በአገራችን የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ሲሠራ፣ ኑሯቸው በወንዙና በሐይቁ ላይ ስለተመሠረተው የታችኛው ኦሞና የቱርካና ነባር ሕዝቦች የሚሟገቱ ወገኖች አበዳሪዎችን ጠይቀው ነበር። የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ እ.ኤ.አ. በ2010 ከጉዳዩ ወጣ፤ ብድሩ ከቻይና ባንክ ተገኘ፤ ግድቡም ተገነባ። በዚህ ሙግት የኬንያዊቷ ኢካል አንጄሌ ጥረት እ.ኤ.አ. በ2012 የጎልድማን የአካባቢ ሽልማት አስገኝቶላታል። ስለዚህ ባንክ ሊጠየቅ የሚገባው ስለ ጋዙ ብቻ አይደለም፤ በሥፍራው የሚኖረው ሕዝብ ተማክሮ እንደሆነም ጭምር ነው።

ከመንዝ ጓሳ የምንወስደው

በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ የጓሳ ሣር የሚበቅልበት ምድር አለ። የአካባቢው ሕዝብ ባወጣው ደንብ ለ400 ዓመታት ገደማ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይ፣ ጊዜው ሲደርስም ለአጨዳ ይከፈት ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢቋረጥም ሕዝቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ ቀጥሎበታል። ያለን ነገር ሁሉ ዛሬውኑ አለመጠቀም ድህነት እንዳልሆነ፣ መዝጋትም መክፈትም በምክክር እንደሚሆን ይህ ደንብ ያስተምረናል።

ዛሬ የኢትዮጵያ የባንክ ዘርፍ በመለወጥ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ አጽድቋል። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ከሰል ይፈልጋሉ፤ ከሰል ቆፍሮ ለማውጣት ብድር የሚጠይቅም አይጠፋም። ባንክ የሚያበድረው ደግሞ ገበሬው፣ ነጋዴውና መምህሩ ያስቀመጡትን ገንዘብ ነው። እንግዲህ ገንዘብ አስቀማጩ ሦስት ነገር ቢጠይቅ መብቱ ነው፦ ገንዘቤ ለስንት ዓመት ጭስ ይፈርማል? በሥፍራው የሚኖሩት ተማክረዋልን? በዚሁ ገንዘብ ሌላ ኃይል ማግኘት አይቻልምን? ጥያቄዎቹ የሚጠቅሙት ግን እንደ ላሙ ከፊርማው በፊት ከቀረቡ ነው።