ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነኝ

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከእኔ እንደሰማችሁ ግን እንዳታወሩ። መጽሐፍና ደብተር ለላኩልን ሰዎች ከትምህርት ቤታችን የሚወጣውን የምስጋና ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ። የሚፈርመው ርእሰ መምህሩ ነው፣ ማኅተሙም የትምህርት ቤቱ ነው፤ «ከልብ የመነጨ ምስጋናችን ይድረሳችሁ» የምትለዋ ግን የእኔ እጅ ናት። ሮቤ ላይ የአማርኛ መምህር መሆን ማለት ይኸው ነው። የድጋፍ ደብዳቤው፣ የሐዘን መግለጫው፣ ለጡረተኛ ሽኝት የሚነበበው ንግግር፣ ሁሉም «አንተ ታውቅበታለህ» እየተባለ እኔ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል።

ሮቤ ስል የአርሲዋን ነው። ባሌም ሮቤ አለች፤ ያውም አውሮፕላን ማረፊያና ዩኒቨርሲቲ ያላት። አንድ ጊዜ ካርቶኑ ላይ «ሮቤ» ብቻ ስለተጻፈ ሁለት ካርቶን መጽሐፋችን ባሌ ሦስት ሳምንት ሰንብቶ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ አድራሻ ስሰጥ «አርሲ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አሰምርባታለሁ።

በሉ ወደ ጓዳው እንግባ።

ርክክብ ሲባል ከመጽሐፉ በፊት የሚታሰበው ባነሩ ነው። እኛ የምናሠራው አሰላ ሄደን ነው። ባነሩን ለሚያመጣው ሰው አበል ይታሰባል፤ የአበሉ ብር ስንት ፓኬት ጠመኔ እንደሚገዛ አንድ ቀን አስልቼዋለሁ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ሽማግሌዎች ይጠራሉ፤ ያለ ምርቃት የሚከፈት ካርቶን የለም። እናቶች በቅቤ የራሰ የገብስ ጩኮ ይዘው ይመጣሉ፤ እውነቱን ለመናገር የዚያ ቀን ትልቁ ነገር እሱ ነው። ከዚያ ፎቶ። ፊት ረድፍ ላይ የምናቆመው ዩኒፎርሙ ያልተቀደደውን ልጅ ነው። ማንም አላዘዘንም፤ እጃችን በራሱ ነው ልጆቹን ወደፊትና ወደኋላ የሚያደርጋቸው። በየእጃቸው አንዳንድ መጽሐፍ እንሰጥና «ከፍ አድርጉት!» እንላለን። በአንደኛው ፎቶ ላይ አንዲት የ2ኛ ክፍል ልጅ መጽሐፉን ዘቅዝቃ ይዛዋለች። እኔም ያየሁት ከላክሁት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በየክልሉ በተደረገ የንባብ ልኬት ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች 34 ከመቶው አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ሥልጠና ላይ ሲነገረን እንደ ማንኛውም ቁጥር ነበር ያለፍኩት፤ አሁን ግን ያቺ ልጅ በመጣችብኝ ቁጥር እሱም ይከተላታል።

ፎቶው እንዳለቀ መጽሐፎቹ ይሰበሰባሉ። ተቆጥረው ነው የሚሰበሰቡት። የዚያን ዕለት 72 ወጥቶ 72 ተመለሰ።

እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ ላድርግ። የመንግሥት ንብረት አሠራርን የማያውቅ ሰው መጽሐፍ የሚሰጠው ለልጅ ይመስለዋል። የሚሰጠው ለንብረት ክፍል ነው። ዕቃው ሲመጣ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ዋጋ ይገመትለታል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ማኅተም ይመታበታል። መምህር ሲፈልገው በሞዴል 20 ይጠይቃል፣ በሞዴል 22 ፈርሞ ያወጣል። ከፈረመ በኋላ መጽሐፉ የእሱ ዕዳ ነው። የ3ኛ ክፍሉ ልጅ ቤቱ ወስዶት ታናሹ ቢቀደው፣ ዝናብ ቢያበሰብሰው፣ ላም ብትበላው (ላም መጽሐፍ ትበላለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ)፣ ከደመወዙ የሚቆረጥበት የፈረመው መምህር ነው። ደመወዛችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ማን ይፈርማል? ንብረት ክፍሏንም አልፈርድባትም። ድሮ ሌላ መሥሪያ ቤት ሳለች ኦዲት ላይ ወንበር ጎደለ ተብሎ ከኪሷ ከፍላለች፤ ከዚያ ወዲህ ቁልፏን አንገቷ ላይ ነው የምታስረው። እሷ ዘንድ ያልወጣ ንብረት ያልጠፋ ንብረት ነው።

እንግዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስት መስታወታም ቁም ሣጥን የተረት መጽሐፍ ተቆልፎብን ኖረ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት አምስት የምስጋና ደብዳቤ ጽፌአለሁ። አምስቱም ላይ «ልጆቻችን በደስታ እያነበቧቸው ይገኛሉ» የሚል አለ።

ለጋሾች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የልጆቹን ደብዳቤ ነው። ይህ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ዶነርስቹዝ የሚባል ድርጅት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው ብሮንክስ ያስተምር የነበረ ቻርልስ ቤስት የሚባል መምህር ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ለክፍላቸው የጎደለውን ይጽፋሉ፣ ያየ ሰው የቻለውን ያዋጣል፣ ድርጅቱ ዕቃውን ገዝቶ ይልክላቸዋል። በምላሹ መምህሩ ፎቶና ደብዳቤ ይልካል፤ ልጆቹም በእጃቸው ይጽፋሉ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የገረመኝ እነሱም ወረቀትና እርሳስ መለመናቸው ነው። ቀጥሎ ደግሞ አንድ መምህር እዚያም ማታ መብራት አብርቶ የልጅ ደብዳቤ ያቃና ይሆን ብዬ አሰብኩና ብቻዬን ሳቅሁ።

የእኛ ልጆች የሚጽፉት በቁቤ ነው። ፊደል የቆጠሩት በአፋን ኦሮሞ ነዋ። የሚላክልን መጽሐፍ ግን አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፣ ጥቂቱ አማርኛ። ከመካከላቸው አንዱ ላይ የበረዶ ሰው ተሥሏል። አርሲ በረዶን ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን ገብስ ሲያጠፋ ነው። በፎቶው ዕለት አንድ ልጅ ሥዕሉን ትኩር ብሎ አየና «ቲቸር፣ በረዶ አፍንጫ አለው እንዴ?» አለኝ። ካሮት መሆኑን ስነግረው ጭራሽ ግራ ገባው።

ያንኑ ልጅ ለለጋሾቹ ጻፍ አልኩት። የጻፈው እንዲህ ነው፦ ገለቶማ፤ ኳስም ብትልኩልን ጥሩ ነበር፣ የእኛ ፈንድቷል። እኔ ስተረጉመው፦ «ለላካችሁልን መጽሐፍ አመሰግናለሁ፤ አድጌ ሐኪም ሆኜ አገሬን አገለግላለሁ» ሆነ። ኳሱ እንዴት ሐኪም እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እጄ ለምዶ ነው።

ኃይሌም አለ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ያልተነሣበት የአርሲ የምስጋና ደብዳቤ አላውቅም፤ እኔም አምስቱም ላይ አስገብቼዋለሁ። የአሰላው ልጅ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት መሄዱን፣ ግራ ክንዱ መጽሐፍ መያዝ ስለለመደ ትልቅ ሯጭ ከሆነ በኋላም ታጥፎ መቅረቱን ለጋሽ ሲሰማ ልቡ ይሟሟል። አንድ ማታ ስድስተኛውን ደብዳቤ ስጀምር ያቺ ክንድ ከበደችኝ። የሰውየው ክንድ የታጠፈው መጽሐፉ አብሮት ቤት ይገባ ስለነበር ነው። ጠዋት ይዞት ይመጣል፣ ማታ ይዞት ይሄዳል። የእኛ ልጆች ግን እጃቸውን እያወዛወዙ ነው የሚሄዱት።

የሩቅ ሰው ገንዘብ አርሲ ላይ እንግዳ አይደለም። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላ ላይ የጀመሩትን የጭላሎ እርሻ ልማት ሽማግሌዎቻችን እስከ ዛሬ «ካዱ» እያሉ ያነሡታል። በዚያው ዘመን በስዊድን ርዳታ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ሲሠራ ነዋሪው ከወጪው ግማሽ ያህሉን ያዋጣ ነበር። ድንጋይ ተሸክሞ ያሠራ ሰው ደግሞ በሩ ለምን ተቆለፈ ብሎ የሚጠይቅበት አፍ አለው። በካርቶን የመጣ መጽሐፍ ግን ላቡን ያፈሰሰበት ሰው በአጠገቡ የለም፤ ሳጥን ውስጥ ቢያረጅም «የኔ ነው» የሚል አይመጣም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ይህ የገባው ይመስለኛል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳለ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ፈልጎ በማጣቱ ነው ነገሩን የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ በኋላም ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ አህያ በሚጎትተው ጋሪ ጭኖ ልጆቹ ወዳሉበት ወሰደ። አህያ ሞዴል 22 አትፈርምም።

የእኔ ጉድ የታወቀው ከሚኒያፖሊስ በመጣ ስልክ ነው። ከለጋሾቻችን አንዷ ሮቤ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ የሄደች ናት፤ እኔው ነኝ ያስተማርኳት። የልጆቹን ወረቀት ከትርጉሙ ጋር አብሬ ስልክላት ቁቤ ማንበቧን ረስቼዋለሁ። እንዴት እንደረሳሁት እግዜር ይወቀው።

«ቲቸር፣ እንዴት ነዎት? ቤተሰብ ደህና?»

«ይመስገን፣ ልጄ።»

«የልጁን ደብዳቤ አነበብኩት። ኳሱን እልካለሁ።»

ዝም አልኩ።

«ሌላዋ ልጅ የጻፈችውን ግን አይተውታል? ‹መጽሐፎቹ ቆንጆ ናቸው፣ በመስታወት እናያቸዋለን› ነው የሚለው። እርስዎ ‹በየቀኑ እናነባቸዋለን› ብለው ተርጉመውታል።»

አላየሁትም እንዳልላት ትርጉሙ የእኔ ነው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እኛ ስንማር አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ለአራት ነበር፤ ተራዬ ሲደርስ ግን ቤት ይዤው እገባ ነበር» አለችና ስለ በረዶው፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ እናቷ ጉልበት አወራችኝ።

በዚያው ሳምንት ጉዳዩን ለወላጅ መምህር ኅብረት አቀረብኩት። ሐሳቤ ቀላል ነበር፦ መምህሩ ብቻውን አይፈርም፣ ወላጆችም አብረው ይፈርሙ፤ ከ10 መጽሐፍ አንዱ ቢጠፋ ማንም እንዳይጠየቅ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። አንድ አባት «ከዐሥር በግ አንዱን ጅብ ይወስደዋል፤ ታዲያ በግ ማርባት ተውን?» አሉ፤ ክርክሩ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ርእሰ መምህሩ ግን ሁለት ሳምንት አሰበበት። ሲፈርም «ኦዲት ሲመጣ አንተ ትነጋገራለህ» አለኝ። እሺ አልኩ። ኦዲተሩ ፊት ምን እንደምል እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቁም ሣጥኑ የተከፈተ ቀን አይጥ ቀድማናለች። ሁለት መጽሐፍ ጠርዝ ጠርዙን ተቆርጥሟል። ንብረት ክፍሏ ሁለቱንም አንድ በአንድ አስመዝግባ ነው ያሳለፈችን።

አሁን ልጆቹ ዓርብ ይወስዳሉ፣ ሰኞ ይመልሳሉ። ሰኞ ማለት አንዳንዴ ሐሙስ ነው። ኅዳር ላይ አጨዳ ሲደርስ ልጁም ከክፍል ይጠፋል፣ መጽሐፉም አብሮት ይጠፋል፤ ከዚያ ገጹ መሐል የስንዴ ገለባ ይዞ ይመለሳል። አንዲት እናት የተገነጠለ ሽፋን በመርፌ ሰፍታ ልካለች፤ ክሩ ቀይ ነው፣ ስፌቱ የጆንያ ስፌት። ከእንግሊዝኛዎቹ ብዙ የሚወሰደው ያ የበረዶ ሰው ያለበት ሆኗል። ሥዕሉን እያዩ በአፋን ኦሮሞ ሌላ ታሪክ ይሠሩለታል፤ በአንደኛው በረዶው የጎረቤት ገብስ አጥፍቶ ሽማግሌ ፊት ቀርቧል።

ጆሮ ለጆሮ ስለሆንን ሌላም ልጨምር። መላክ የምትፈልጉ ካላችሁ የአፋን ኦሮሞ ተረት ላኩልን። እዚሁ አገር ይታተማል፤ 23 ኪሎ በሚመዘን ሻንጣ ውቅያኖስ ማቋረጥ የለበትም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሲገባ የታተመ መጽሐፍ ስላልደረሰን ፒዲኤፉ በቴሌግራም ነበር የመጣልን። ከስልኬ እያየሁ ሰሌዳ ላይ ስገለብጥ ግማሽ ገጽ ላይ ባትሪው ይሞታል፤ የቀረውን ነገ። ሰሌዳውንም የምናጠቁረው እኛው ነን። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ይሰበራል፣ ጥቁሩ ይወቀጣል፣ ውኃ ይጨመርበታል፣ ልጆቹ በጨርቅ ይቀቡታል፤ ቅዳሜ የቀቡት እጅ ሰኞም አይለቅም። አንድ ቆርቆሮ የሰሌዳ ቀለም ግን ፎቶ ላይ አያምርም፣ ስለዚህ የሚልከው የለም። ይህን ለለጋሽ ጽፌው አላውቅም፤ «ምን ይጎድላችኋል?» ተብዬ ስጠየቅ «መጽሐፍ» ማለት ይቀናኛል።

ስድስተኛውን ደብዳቤ ባለፈው ሰኔ ላክሁ። ግማሽ ገጽ ነው፤ ኃይሌ የለበትም። ከ214 መጽሐፍ 19 አልተመለሱም፣ 11 ተቀዳደዋል፣ ኳሱ ደርሶናል፣ አመሰግናለሁ ይላል። ርእሰ መምህሩ ሁለቴ አነበበውና «እንዲህ ተብሎ ምስጋና ይጻፋል?» አለ። ፈረመው ግን።

የዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ላይ ንብረት ክፍሏ በቀይ ክር የተሰፋውን መጽሐፍ አገላብጣ አየችው። «ይሄን ምን ብዬ ልመዝግበው?» አለችኝ። «የተበላሸ» ካለች ማን አበላሸው ይባላል። «የተጠገነ» ካለች የጥገና ወጪው ደረሰኝ የት አለ ይባላል። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ትንሽ አሰበች፣ ከዚያ በዚያ ጥርት ባለ እጅ ጽሑፏ «በአገልግሎት ብዛት ያረጀ» ብላ ጻፈችና ወደሚቀጥለው ቁጥር አለፈች።