የሚሮጠውን ልጅ እንዴት እናሳድገው?

ክረምት በገባ ቁጥር ወደየአገር ቤታችን ስንመለስ ከሚጠብቁን ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፤ «ይህ ልጅ ሩጫ ብቻ ሆኗል፤ እናንተ ተምራችኋልና ምን ብናደርገው ይሻላል?» ይሉናል። ጠያቂዎቹ ወላጆች ከሁለት ወገን ናቸው። አንዳንዶቹ ሩጫ የሥራ ፈት ጨዋታ ስለሚመስላቸው፥ ልጁ ተገሥጾ ወደ ከብቱና ወደ ደብተሩ እንዲመለስ ይፈልጋሉ። ሌሎቹ ደግሞ የጎረቤት ልጅ ሮጦ ቤት እንደ ሠራ ስለ ሰሙ፥ የነሱም ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ዛሬውኑ አዲስ አበባ እንዲላክ ይሻሉ። እኛም ብዙ ጊዜ «ይበርታ» ከማለት በቀር የምንመልሰው የለንም። በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረው ለዚያ ጥያቄ የሚገባውን መልስ ማሰናዳት ነው።

በመጀመሪያ ሩጫን ከሥራ ፈትነት ለሚቆጥሩት እንናገር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአሰላ አጠገብ በገበሬ ቤት ሲያድግ አባቱ ሩጫውን አልወደዱለትም ነበር። ልጁ ግን ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቀው ስለ ነበረ፥ ጠዋት ሮጦ ይሄዳል፤ ማታም ሮጦ ይመለሳል። ደብተሩን ያቅፍበት የነበረው ግራ ክንዱ በኋላ በዓለም አደባባይ ሲሮጥም እንደ ታጠፈ መቅረቱን ያላየ የለም። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሎምፒክ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሲያሸንፍ፥ ኃይሌ ድሉን በሬዲዮ የሰማ የ7 ዓመት ልጅ ነበረ። እሱም በተራው በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፥ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አገኘ። ይሁንና ክልከላ አላገደውም ብለን ክልከላን እንደ በጎ ነገር አንቆጥረውም። ተከልክለው የቀሩትን ልጆች ስም ማንም አልጻፈልንምና።

ሁለተኛው ወገን የሚቸኩለው ነው። ለዚህ ወገን የአባቶቻችን ምሳሌ ይበቃል፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ማራቶንን ሲያሸንፍ 28 ዓመቱ ነበረ። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ የማራቶን ወርቅ ያገኘው በ36 ዓመቱ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ20 ዓመቷ አሸነፈች፤ ከዚያ ወልዳ፥ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ እንደ ገና ወርቅ አገኘች፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች። እንግዲህ ሰው በዚህ ዕድሜ የሚያሸንፍ ከሆነ፥ የ13 ዓመት ልጅ ዛሬውኑ ካላሸነፈ የሚያመልጠው ምን አለ?

ከዚህም በላይ በ13 ዓመት አንደኛ መውጣት የነገ ማረጋገጫ አይደለም። በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ልጆች በሰውነት እድገት የብዙ ዓመት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። አንዱ ቀድሞ ድምፁ ይጎረንናል፤ ጡንቻው ይጠነክራል፤ ስለዚህም ይቀድማል። ሌላው ገና ልጅ ነው። ዛሬ የተቀደመው፥ ሰውነቱ ሲደርስለት ቀዳሚውን ጥሎት ሊሄድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን ብዙ ጊዜ «አንተ አትሆንም» ተብሎ ተባርሯል። የልጆችን ዕድሜ ቀንሶ ማስመዝገብም ይህንኑ ጉዳት ያብሰዋል። 19 ዓመት የሆነው ጎረምሳ «15 ነኝ» ብሎ ሲሰለፍ የሚበደለው እውነተኛው የ15 ዓመት ልጅ ነው፤ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ይመለሳልና።

አሁን ወደ ሰውነቱ እንምጣ። የልጅ አጥንት የሚያድገው በጫፍና በጫፉ ባለ ለስላሳ ክፍል ነው፤ ይህም ክፍል ከጠነከረው አጥንት ይልቅ ለጉዳት ቅርብ ነው። ልጁ ያለ ዕረፍት ዕለት ዕለት አንድ ዓይነት ልምምድ ሲደጋግም ጉልበቱን፥ ተረከዙን፥ ቅልጥሙን ያመዋል፤ ቸል ከተባለም አጥንቱ እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2008 ዓ.ም. ባወጣው ምክር፥ ልጅ እስከ 15 ወይም 16 ዓመቱ ድረስ በአንድ ስፖርት ብቻ ባይወሰን፥ በሳምንት 1 ወይም 2 ቀን ቢያርፍ፥ በዓመትም በጠቅላላው 3 ወር ያህል ከዚያ ስፖርት ቢለይ ይሻላል ብሏል። አሠልጣኞች የሚያስታውሱት ሌላ ቀላል መለኪያም አለ፤ የልጁ የሳምንት ልምምድ በሰዓት ሲቆጠር ከዕድሜው ቁጥር አይብለጥ ይላል። የ12 ዓመት ልጅ በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ አይለማመድ ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ስሌት የተሠራው በመኪና ትምህርት ቤት ለሚደርስ ልጅ መሆኑን አንርሳ። የኛ አገር ልጅ ከልምምዱ በፊት ውሃ ቀድቷል፤ እንጨት ለቅሟል፤ ከብት አግዷል፤ የትምህርት ቤቱን መንገድ በእግሩ ተመላልሷል። ይህ ሁሉ ድካም ነውና መቆጠር አለበት። ስለዚህ ለሚሮጥ ልጅ ቤተሰቡ ሊያደርግለት ከሚችለው ሁሉ የመጀመሪያው ውድ ጫማ መግዛት ሳይሆን፥ አንድ እንስራ ውሃ ማስቀረትና በጊዜ እንዲተኛ መፍቀድ ነው።

ምግቡም እንዲሁ ነው። የሚሮጥ ልጅ እያደገም እየደከመም ስለ ሆነ ከእኩዮቹ የበለጠ መብላት ይገባዋል። እንጀራውና ምስሩ፥ ሽሮውና ጎመኑ፥ ከተገኘም ወተቱና እንቁላሉ ይበቁታል። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ከምግቡ ብረት እንዳያገኝ ስለሚያውኩ፥ ከማዕዱ ቢርቁ መልካም ነው። በተለይ ለሴት ልጅ ይህ ከባድ ነገር ነው። እየሮጠች የማትጠግብ ልጅ የወር አበባዋ ሊቋረጥ፥ አጥንቷም ሊሳሳ ይችላል። ይህን እንደ ነውር ቆጥሮ መደበቅ ሳይሆን እናት ልትጠይቃት፥ ወደ ጤና ጣቢያም ልትወስዳት ይገባል።

ትምህርቱን ማስጣልስ? በቆጂን እንመልከት። ደራርቱ ቱሉ፥ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው የሮጡበት ይህ የአርሲ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። እነዚህን ልጆች ቀድሞ ያሠለጠናቸው ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበረ። እንግዲህ ተሰጥኦው የታየውና የተኮተኮተው በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ እንጂ ከትምህርት ቤት በመኮብለል አይደለም። አሸናፊው አንድ ነው፤ ከኋላው የሚገቡት ብዙዎች ናቸው። ለነዚያ ብዙዎች ጉልበታቸው ወይም ዕድላቸው ሲከዳቸው የሚመለሱበት በር ትምህርታቸው ብቻ ነው። «ውጭ አገር አስኬደዋለሁ፤ እዚህ ላይ ፈርም» የሚል ሰው ሲመጣም፥ ወረቀቱን ማንበብ የሚችል ሰው በቤቱ እንዲኖር ያስፈልጋል። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እኛ ነን።

በመጨረሻም ልጁ ከውድድር ሲመለስ የምንጠይቀው ጥያቄ ቀላል ነገር አይምሰለን። «ስንተኛ ወጣህ?» ብቻ የሚባል ልጅ የተወደደው በደረጃው ልክ መሆኑን ይማራል፤ በተሸነፈ ቀንም ቤቱን ይፈራል። «እንዴት ነበር? ደስ አለህ? እግርህን አመመህ?» የሚባል ግን በሚቀጥለው ሳምንትም ሊሮጥ ይወጣል። ከሁሉ የከፋው የቤተሰቡን የነገ ቀለብ በልጁ እግር ላይ መጫን ነው። ያን ሸክም ይዞ ሩቅ የሚሮጥ የለም።

እንግዲህ በሚመጣው ክረምት ጥያቄው ሲቀርብልን «ይበርታ» ብለን አንለፈው። ለሚከለክለው አባት «ትምህርቱን ሳይጥል ይሩጥ» እንበለው። ለሚቸኩለው አባት «ገና ጊዜ አለው» እንበለው። ከዚያም ከቤታችን ተነሥተን የሠፈሩን የሰውነት ማጎልመሻ መምህር እንጠይቅና ልጁን ከሱ ጋር እናገናኘው። ልጁ ዓለምን ላያሸንፍ ይችላል፤ ነገር ግን ጤናው ያልተጓደለ፥ ትምህርቱ ያልተቋረጠ፥ በሩጫው የሚደሰት ሰው ሆኖ ካደገ ድካማችን ከንቱ አልቀረም።