የሚንፏቀቀው የውርጭ አገር አፈር

መሬት ተንቀሳቀሰ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ናዳ ነው። ናዳ በአንድ ጊዜ ይወርድና ያበቃል። ዳሩ ግን ድምፅ ሳያሰማ፣ በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ወይም ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ወደ ቁልቁለት የሚንፏቀቅ አፈርም አለ። ይህ ነገር በብርዳም ተራሮች ላይ እንዴት እንደሚሆን በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ዋናው ሠራተኛ ውርጭ ነው። ሌሊት የአፈሩ ገጽ ሲቀዘቅዝ ከሥር ያለው እርጥበት ወደ ላይ እየተሳበ ይረጋና እንደ መርፌ የቀጠነ በረዶ ይሆናል። መርፌዎቹ አፈሩንና ጠጠሩን ተሸክመው ያነሡታል። ታዲያ ወዴት ነው የሚያነሡት? ከተዳፋቱ ገጽ ጋር 90 ዲግሪ በሆነ አቅጣጫ ነው። ጧት ፀሐይ ወጥታ በረዶው ሲቀልጥ ግን ጠጠሩ በመጣበት አይመለስም፤ የመሬት ስበት ቀጥታ ወደ ታች ስለሚጎትተው ከቀድሞ ቦታው ትንሽ ዝቅ ብሎ ያርፋል። በማግስቱም እንደዚያው። አንዱ እርምጃ ኢምንት ነው፤ ሌሊቱ ግን ብዙ ነው።

በሰሜን ዋልታ አካባቢ ደግሞ ሁኔታው ይለያል። እዚያ ከሥር ያለው መሬት ዓመቱን ሙሉ በረዶ እንደሆነ ይቆያል። ሙቀት ሲመጣ የላይኛው አፈር ብቻ ይቀልጣል፤ ውሃው የሚሰርግበት ስለሌለው አፈሩ እንደ ቀጠነ ሊጥ ይፈሳል። ስዊድናዊው የመሬት ጥናት ሊቅ አንደርሾን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1906 ይህን «ሶሊፍላክሽን» ብሎ ሰይሞታል፤ የአፈር መፍሰስ ማለት ነው።

በአገራችንስ? ራስ ዳሽን 4,533 ሜትር፣ በባሌ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ አላቸው። በእነዚህ ቦታዎች በበጋ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይ ነው። በባሌ የሳነቴ አምባ ላይ ወርዳቸው እስከ 15 ሜትር የሚደርስ፣ በመስመር የተደረደሩ ትላልቅ የድንጋይ ረድፎች ይታያሉ። የዛሬው ውርጭ ከአፈሩ ገጽ ጥቂት ሳንቲሜትር ስለማያልፍ እንዲህ ያለ ድንጋይ አያነቃንቅም፤ ረድፎቹ አገሩ እጅግ ቀዝቃዛ በነበረበት በጥንቱ የበረዶ ዘመን የተሠሩ ናቸው።

«ታዲያ የዛሬው ውርጭ ምን ያመጣል?» እንባል ይሆናል። ጓሳና ሌላ ሣር መሬቱን እስከሸፈኑ ድረስ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ሣሩ ሲታጨድ፣ ሲጋጥ ወይም ተዳፋቱ ለገብስ ሲታረስ ግን የበረዶው መርፌ አፈሩን ያላላዋል፣ የቡቃያውን ሥር ነቅሎ ያወጣል። የተራቆተው ቦታ መልሶ ሣር ለማብቀል ይቸገራል። ክረምት ሲገባም ጎርፉ የላላውን አፈር ጠርጎ ይሄዳል። ውርጩ ያዘጋጃል፣ ዝናቡ ይወስዳል ማለት ነው።

ውርጭ በሚጥልበት ደጋ የምንመደብ ሠልጣኞች ይህን ያለ ብዙ ወጪ ማስተማር እንችላለን። በተራቆተ ተዳፋት ላይ ሁለት ችካሎች በጥልቀት ተክለን ገመድ አግድም እንወጥር። በገመዱ ሥር ቀለም የተቀቡ ጠጠሮች እንደርድር። ጎን ለጎን ሣር ባለበት ቦታም እንዲሁ እናድርግ። በጋው ሳይወጣ ተማሪዎቹ ጠጠሮቹ ከገመዱ ምን ያህል እንደራቁ በማስመሪያ ይለኩና ሁለቱን ቦታዎች ያወዳድሩ።