ጣት የሌለው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊ መቀሱን ከማንሣቱ በፊት ጨርቁን በጣቶቹ መካከል አሸት አሸት ያደርገዋል። ደረቅ ይሁን ልስልስ፣ ሲንጠለጠል እንዴት እንደሚወርድ ወዲያውኑ ይረዳል። ዛሬ ልብስ ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት በኮምፒዩተር ተነድፎ፣ ተሰፍቶና በአምሳለ ሰው ላይ ተለብሶ ሊታይ ይችላል። ታዲያ ጣት የሌለው ኮምፒዩተር የጨርቁን ጠባይ በምን ያውቃል? በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ እንመለከታለን።

ሥራው ከቅዱ ይጀምራል። ንድፍ አውጪው የፊቱን፣ የጀርባውንና የእጅጌውን ቅድ በስክሪን ላይ ይስላል፤ የትኛው ጠርዝ ከየትኛው ጋር እንደሚሰፋም ያመለክታል። ፕሮግራሙ ቅዶቹን በአካሉ ዙሪያ አቁሞ ጠርዞቻቸውን ይገጥማል። እስከዚህ ድረስ ያለው ጂኦሜትሪ ነው። ጨርቁ እንዲወርድና እንዲታጠፍ ማድረግ ግን የፊዚክስ ድርሻ ነው።

የነጥቦችና የሞላዎች መረብ

በተለመደው ዘዴ ጨርቁ ክብደት ባላቸው ነጥቦች ይወከላል፤ ነጥቦቹም በሦስት ዓይነት ሞላዎች ይያያዛሉ። የመጀመሪያዎቹ በድርና በማግ አቅጣጫ ሆነው መለጠጥን ይቋቋማሉ። ሁለተኛዎቹ በሰያፍ ተዘርግተው የጨርቁን መጣመም ይገታሉ። ሦስተኛዎቹ አንድ ነጥብ እየዘለሉ መታጠፍን ይቋቋማሉ። አንባቢ በነጠላ ሊሞክረው ይችላል፦ በድሩ አቅጣጫ ሲስቡት እምቢ ይላል፤ በሰያፍ ሲስቡት ግን ይሳባል።

ጎኖቹ 1 ሜትር የሆኑ ጨርቅ በየ1 ሳ.ሜ. ነጥብ ቢደረግበት 10,201 ነጥቦች ይኖሩታል። እያንዳንዱ ነጥብ በሦስት አቅጣጫ ስለሚንቀሳቀስ ኮምፒዩተሩ በየእርምጃው 30,603 ቁጥሮችን ማግኘት አለበት። ችግሩ በዚህ አያበቃም። የድርና የማግ ሞላዎች ጠንካሮች ስለሆኑ የጊዜው እርምጃ ከረዘመ ነጥቡ ሚዛኑን አልፎ ይሄዳል፤ ሞላው ይበልጥ ይመልሰዋል፤ ነጥቡም በሌላው ወገን ይበልጥ ያልፋል። በመጨረሻ ጨርቁ በስክሪኑ ላይ ይበታተናል። እ.ኤ.አ. በ1998 ዴቪድ ባራፍና አንድሩ ዊትኪን ኃይሉን በእርምጃው መጀመሪያ ካለው ሁኔታ ሳይሆን በመጨረሻው ከሚኖረው ሁኔታ በማስላት ይህን ችግር እንዴት ማለፍ እንደሚቻል አሳዩ። የእያንዳንዱ እርምጃ ስሌት ይከብዳል፤ እርምጃው ግን ስለሚረዝም ጠቅላላው ድካም ይቀንሳል።

የጣት ዕውቀት በቁጥር

የሞላዎቹ ጥንካሬ ስንት ነው? ይህን ኮምፒዩተሩ ከራሱ አያመነጨውም፤ መለካት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1930 እንግሊዛዊ የጥጥ ምርምር ተቋም ውስጥ ይሠራ የነበረው ፍሬድሪክ ፒርስ ቀላል መንገድ አቀረበ። ጠባብ የጨርቅ ቁራጭ ከጠረጴዛ ጠርዝ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ጫፉ ከአግድሙ 41.5 ዲግሪ ዝቅ ሲል የወጣው ርዝመት ይለካል። የዚህ ርዝመት ግማሽ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ክብደቱ ሲባዛ የመታጠፍ ጥንካሬውን ይሰጣል። ስለዚህ እኩል ክብደት ካላቸው ሁለት ጨርቆች አንደኛው በእጥፍ ርቆ ቢወጣ ጥንካሬው 8 እጥፍ ነው ማለት ነው። በ1970ዎቹ ደግሞ ጃፓናዊው ሱኤዎ ካዋባታ መለጠጥን፣ መጣመምን፣ መታጠፍን፣ መጨመቅንና የገጽታ ልስላሴን የሚለኩ መሣሪያዎችን አዘጋጀ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የተሳሳተ ቁጥር የተሰጠው ፕሮግራም አይቆምም፤ ያማረ ሥዕል ያወጣል። ስሕተቱ የሚታወቀው ጨርቁ ተቆርጦ ከተሰፋ በኋላ ነው። የሀገራችን ሸማ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የነጠላ አካል ስስና ልል ነው፤ ጥለቱ ያለበት ጫፍ ግን ተጨማሪ ክር የገባበት በመሆኑ ጠንከር ይላል። ለሁለቱ አንድ ቁጥር የሰጠ ሰው በስክሪኑ ላይ የሚያየው የሸማኔውን ሥራ አይደለም።

ልኬቱን ለመጀመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 10 ሳ.ሜ. ወደ ጎን ሲሄድ 8.8 ሳ.ሜ. ገደማ የሚወርድ ተዳፋት ከካርቶን ሠርተን ከጠረጴዛ ጠርዝ ብናስጠጋ የፒርስን ማዕዘን እናገኛለን። ከአሮጌ ነጠላ በድሩ አቅጣጫ፣ በማጉ አቅጣጫና ከጥለቱ ላይ ሦስት ቁራጮች ወስደን እንለካ። የምናገኛቸው ሦስት ቁጥሮች ልብስ ሰፊው በጣቱ የሚያውቀውን ለኮምፒዩተሩ የምንነግርባቸው የመጀመሪያ ቃላት ናቸው።